ሐረጎን በሁለተኛ

ኮምቦልቻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
ማራገቢያው ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ተርብ ይጮኻል።
"ተንቀሳቃሽ ነው" ብለው ሸጡልኝ፤ አልዋሹም፣ ይንቀሳቀሳል፤
ከጭኔ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ሲሚንቶው ወለል፣
ጥላ እንደሚሻ ድመት ቀኑን ሙሉ ቦታ ይቀያይራል።

ሥራው የመጋዘን ጣሪያ ነው፤
ሠላሳ ስድስት ሜትር፣ መሐሉ ምሰሶ የሌለው።
ብረቱ በፀሐይ ስንት ይለጠጣል? ይህን ነው የምጠይቀው፤
የሌላውን ሙቀት ሲያሰላ የራሱ ሙቀት ጣለው።

ዘጠና ስምንት ዲግሪ። ዘጠና ዘጠኝ። ከዚያ ልግም፤
ፍጥነቱ ከአራት ወደ አንድ ይወርዳል፤ ቆመ እንዳልል አይቆምም፤
ከመቶ አርባ አንድ ላይ ተኝቷል፤ አርባ ሁለትን አያልም።
ባለሥራው ነገ ጠዋት ይደውላል፤ "ሞቆት ነው" ብለው አይሰማም።

በሁለት የቲማቲም ጣሳ ከፍ አደረግሁት፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲገባ፤
እርጥብ ፎጣ ሳነጥፍለት አከራዬ ወይዘሮ ዘምዘም አንገቷን በበሩ ብታስገባ፣
"ምነው" አለች፣ "ያዘው እንዴ ወባ?"

ሲመሽ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ደሴ ይዤው ሸሸሁ፤
ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል፤ ከነጡቡ አቅፌው ተቀመጥሁ፤
ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ሲደፈን በመስኮቱ ስንጥቅ ብርድ አሸተትሁ።

ኑርዬን ፒያሳ፣ ደረጃው ሥር፣ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስሁበት።
አሥራ አንድ ብሎን ፈትቶ በጠርሙስ ክዳን ከተተ፤ አንዱ ጠፋበት።
ሆዱን ሲከፍተው የኮምቦልቻ አቧራ እንደ በግ ጠጉር ተጠቅልሎ ወጣ፤
የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጎ አተር የምታህል አዲስ አመጣ፤
"አብሽሪ" አለኝ፣ "ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ትንፋሽ ነው ያጣ።

ግን ጉልበቱን ቀንሺለት።"
"ምን?"
"ቮልቴጁን ትንሽ ዝቅ፤ ሰማንያ አምስት ላይ ልጓም አጥልቂለት።"
የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ለጉልበቱ ነበር የከፈልሁት!
ልቆጣ አፌን ከፈትሁ፤ አባቴን ሰማሁት።

ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፤ ከአሰብ ጨው ጭኖ፣ እኔን ከጎኑ አድርጎ።
በየመታጠፊያው ኮፈን የከፈቱ፣ ከእንፋሎት መሐል "ውሃ!" የሚሉ ባለ አዲስ መኪኖች፤ የሞላው ሐረጎ።
ጥሩምባ ነፍቶ ያልፋቸውና፣
"በሦስተኛ የጀመረው በእግሩ ይጨርሰዋል፤
በሁለተኛ የጀመረው ደሴ እራቱን ይበላል" ይለኛል።
ራሱ ሲቆጣ ግን፣ አላህ ይዘንለት፣ በአራተኛ ይሄዳል።

ራቢያ ቤት፣ ጦሳ ሥር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ።
ጭጋጉ ጠረጴዛው ድረስ ገብቷል፤ ቁጥሩን ብቻ አያለሁ፤
ሰባ ዘጠኝ ዲግሪ። ሰማንያ አንድ። መልሶ ሰባ ዘጠኝ።
ፍጥነቱ ሦስት ላይ ረግቷል፤ አይፎክርም፣ አይለግም፣ አያስጨንቀኝ።
ተርቡ ጠርሙሱን ለቅቆ ወጥቶ፣
ስድሳ ሁለት። ሰባ። ሰማንያ ስምንት፣ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ፣ ሳይሰለቸኝ።

ሊነጋ ሲል መልሱ መጣ፤ አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር።
ይህቺን ታህል ክፍተት ተዪለት፣ ብረቱ ሲሞቅ የሚዘረጋበት፤
ካልተውሽ ግድግዳውን ይገፋል፤ ምሰሶውን ያጎብጣል። መሸሻ የለበት።
ለአባቴ ይህቺን ታህል ማን ተወለት?

ራቢያ ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ ስትንቀጠቀጥ አድራለች፤
እግሯን ቀስ ብላ አውጥታ ወደ ማሽኑ መተንፈሻ አስጠጋች፤
ዓይኗን ሳትገልጥ፣
"ይኼ ነገር ለኮምቦልቻ አይሆንም፤ እዚሁ ተዪልኝ" አለች።