ስንት ገባ?

ጦሳ ጉሙን ገና ከትከሻው ሳያወልቅ፣
ቧንቧ ውሃ ወርጄ፣ የሙሄ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ስጠባበቅ፣
እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ መጠየቅ፤
«ስንት ገባ?» እላለሁ።
ስልኩን አየት አድርጎ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣
እንደ ሐኪም ይመልሳል፣ ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ።

አምና በጥቅምት ላይ፣ ገንዘቤ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣
«ቆይ እንጂ» አለኝ ሰው፣ «አዲሱ ሊወጣ ነው፤
ኮሩ እጥፍ ይሆናል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣
አዲሱ የወጣ ቀን አሮጌው ይረክሳል።»
ቆየሁ።
አዲሱም ወጣና፣ አሮጌው አልረከሰም፤
ዶላር ዳገት ወጣ፣ ወጣ፣ አልደከመም፤
የኔ ብር ሐረጎ ላይ ቀረ፣ እንደ ተበላሸ አይሱዙ፣
ከጎማው ሥር ድንጋይ፤ ሌሎች እያለፉት ወደ ደሴ ሲጓዙ።

ለመጋቢት አልኩኝ። በመጋቢት ደግሞ ራም ጠፋ ተባለ፤
አንዱ «ወደብ ላይ ነው»፣ አንዱ «ዱባይ ነው»፣ አንዱ «የለም» አለ።
ዘንድሮ የገዛ ለከርሞ ይቆጨዋል፣
ለከርሞ ያለ ሰው ዘንድሮ ያምረዋል፤
መሐል ላይ ያለሁ እኔ፣ ከሁለቱም የለሁ፣
በሠርግ ጥሪ ጀርባ ዋጋ እደምራለሁ፤
ማዘርቦርዱ ይህን፣ ግራፊክስ ካርዱ ያንን፣
ቀፎውን፣ ፓወሩን፣ ውሃ ማቀዝቀዣውን።
ሉባባ ድምሩን አይታ፣
«ይሄ የማን ስልክ ነው?» አለችኝ፤
«የማይነሣ ስልክ ነው» አልኳት።
ዝም አለችኝ።

አሮጌው ማሽኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሆዱ እንደ ተከፈተ፣
ክዳኑ ከጠፋ ሦስተኛ ክረምቱ፣ ስንቱን ሠርግ ጎተተ!
ፋኑ ሲያጓራ ሌሊት ጎረቤት ይነቃል፣
«ወፍጮ ቤት ከፈትክ ወይ?» በግድግዳው ይለኛል።

ሰኞ ገበያ ውለው፣ እትዬ ትርንጎ በሬ ላይ ቆሙና፣
«የልጄ ሠርግ ፊልምስ?» አሉኝ በትሕትና።
በጥር የቀረጽኩት። ካሜራው ትልቅ ነው፣ ፋይሉ ይከብዳል፤
«አዲስ ማሽን ልገዛ ነው፣ ያኔ ያምርልዎታል»
እያልኩ ስድስት ወር ነገርኳቸው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሰሙኝ።
ያን ቀን ግን አልሄዱም። ዱካ ስበው ተቀመጡና አዩኝ።
«የአሊጋዝ አርባው ወጣ» አሉኝ።
«ማማሩን ተወው ልጄ፣ ጥርሱ ባይታይ ግዴለም፤
ልጁን በክንዱ ይዞ፣ አዳራሹ በር ላይ፣
መቼ ነው የሚገባው? ሌላ አልፈልግም።»

ያን ለት ሙሄን ዋጋ አልጠየቅኩትም።
ያገለገለች አንዲት ራም፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣
«ይቺን እስከዚያ» አለኝ፣ «ክፈል ሲመችህ» ብሎ።
ማታ መብራት ሄደ፤ እኩለ ሌሊት መጣ፤ ጀመርኩ።
ፋኑ አጓራ፣ ጎረቤት ነቃ፣ እኔ ግን አልቆምኩ።
ሠላሳ፣ አርባ፣ ስልሳ…
ዘጠና ሰባት ላይ ደርሶ እዚያው ተገተረ፤
ጣቴን ከቁልፉ አንሥቼ፣ አፌ ያለ ድምፅ ጸሎት ቆጠረ።

ሲነጋ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው።
ምስሉ አልፎ አልፎ ይንተባተባል። ይቅርታ ልል ስል፣ በእጅ አስቆሙኝ፣ በጣታቸው።
ልጁን በክንዱ ይዞ፣ ኮቱ ሰፍቶበት፣
ጋሽ አሊጋዝ ገባ።
«ገባ» አሉ። አልጮኹም። መስታወቱን በመዳፋቸው ነኩት።
«እስቲ እንደገና» አሉ። መለስኩት።
ገባ።
ስንት ጊዜ እንደ ገባ እኔም አልቆጠርኩት።

ሙሄ በሩን ሲከፍት፣ በማግስቱም እዚያው ቆምኩኝ፤
ጉም ነበር፣ ካፊያ ነበር። «እንዴት አደርክ?» አልኩት፤
ገርሞት ቀና ብሎ አየኝ።
«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ቤተሰብ?» «ደህና።» «ልጆች?» «ደህና።»
ሌላ የምጠይቀው አጣሁና፣
ትንሽ ቆየሁና፣ አላስችል ብሎኝ፣
«…ስንት ገባ?» አልኩኝ።