ሹክ ባይ

ቦታዬ እዚህ ነው፣ ከመጋረጃው ጥግ፤
ቃል ሲጠፋው ንጉሡ፣ ለኔ ነው የሚያደገድግ።
ደሞዜ ትንሽ ናት፣ ስሜም በፖስተር የለ፤
ግን ያልሰማሁት ሹክሹክታ፣ በዚህ አዳራሽ ምን አለ?

እነሱ ሁለቱ፣ ትርንጎና ምንውየለት፣
አንድ ብዕር ቢሰጣቸው ለመስበር የሚሻሙበት!
እሷ በጥቅምት ካሳየች፣ እሱ በኅዳር ይከተል፤
እሱ ሦስት ቅዳሜ ቢሞላ፣ እሷ አምስት ካልሞላሁ ትል።
«የሷ ሰዎች» ይላል እሱ፣ «በር ላይ ቆመው ይቀራሉ።»
«የሱዎቹ» ትላለች እሷ፣ «ሳይጠሩ ገብተው ይሰብካሉ።»
ዓሣ ለብለብ ሊበሉ ግን ካንድ ጠረጴዛ አይጠፉም፤
ይሰዳደባሉ እስኪመሽ፤ አጥንት ሲለቅሙ እንኳ አያርፉም።

በክረምት፣ ጣና ደፍርሶ የዘንባባውን እግር ሲውጥ፣
ቢሮው አንድ በጀት ይዞ፣ ከሁለቱ ማንን ይምረጥ?
«አንድ ተውኔት» አላቸው፣ «ጻፉልኝ ተጋግዛችሁ።»
«ከሷ ጋር?» «ከሱ ጋር?»
                    «አዎ፤ ወይ ሁለታችሁም ቅሩ ትታችሁ።»

ምን ይጻፉ? የለንደን ታሪክ፤ አራት መቶ ዓመት የዘለለ፣
ንግሥት በዙፋኗ፣ ሕዝብ ቲያትር ቤት ሥራ እየጣለ፤
ሁለት ባላንጣ ደራሲ፣ አንዱ ያንዱን ስንኝ ሊነጥቅ፣
በጠላው ቁጥር ሲናፍቅ፣ በናፈቀው ቁጥር ሲርቅ።
ለንደንን ማን አይቷታል? ወንዟን ከዓባይ ቀዱላት፣
ጭጋጓን ከሐምሌ ጣና፤ ጀልባዋን በደንገል ሠሩላት።
ልብስ ሰፊው አያ ሞሴ፣ ያንን ያንገት ሽብሽብ
ከኪራይ ቬሎ ቆረጠው፤ እስካሁን ዕዳው ሲታሰብ።

እሷ በቀይ ትሰርዛለች፣ እሱ በሰማያዊ።
(በቀለሙ ስትስቅበት፦ «እጅህ ብቻ ነው ምድራዊ።»)
ረቂቁን በንጹሕ የምገለብጥ እኔ፤
ስንት ሌሊት አየሁ ባይኔ፣
የሰረዘውን መልሶ ሲያነብ፣ ጣቱን ቃሏ ላይ አኑሮ፤
እሷም «ትንባሆ ይሸታል» ብላ፣ ገጹን ደብተሯ ውስጥ ቀብራ ኖሮ።

መጨረሻዋ ስንኝ ግን እስከ ዋዜማው አልመጣች።
እሷ ስትጽፍ እሱ ደለዘ፤ እሱ ሲጽፍ እሷ አጠፋች።
ባዶ መስመር ተዉልኝ፤ «ነገ» አሉኝ፣ ዞር አሉ።
ነገ ባዶ እጁን መጣ፤ ሰዎችም መጡ፤ ሞሉ።

ከዘንባባው ሥር ባጃጁ ሰው ሲያራግፍ እስከ ሁለት፤
እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እንዳይተያዩ በስሌት።
ባላንጣዎቹ ተፋጠጡ፤ ያቺ ባዶ ልትደርስ፣
መብራት ሄደ።
            ዝም።
የጣና ሞገድ ተሰማ፣ ግንቡን በምላሱ ሲልስ።
ተዋናዩ በጨለማ ጆሮውን ወደኔ ቀሰረ፤
ባትሪዬን አበራሁ፦ ባዶ መስመር፣ የቀረ።
እኔ እንግዲህ፣ የሰው ቃል ሳቀብል ሃያ ዓመት የነጣሁ፣
ያን ሌሊት፣ እግዜር ይይልኝ፣ ከራሴ ኪስ አወጣሁ፦

«ከዓለም ታርቄ ከማድር፣
ከዚህ ሰው ተጣልቼ ልደር።»

ተዋናዩ ጮክ ብሎ አለው። ጨለማው እንደ ሰው ተነፈሰ።
ከዚያ ጭብጨባው፣ ዶፍ ነው፤ ቆርቆሮውን አስለቀሰ።

ሲነጋ መጣች፣ ብቻዋን፤ ቀይ ብዕሯን ትነክሳለች።
«ያ ስንኝ የማን ነው?» አለች።
«የሱ ነው» አልኳት።
ዓይኗ ወደ ውሃው ሸሸ። «አይችልማ!» ብላ፣ ቀስ ብላ ሳቀች።
ከሰዓት እሱ መጣ፤ ሲጋራው ሳይለኮስ ባፉ።
«የሷ ነው» አልኩት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ጀልባዎች አለፉ።

በሳምንቱ ደግሞ ተጣሉ፣ ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳህን፣ ሁለት ብዕር ለመሰረዝ።

እኔም ጥጌ ላይ ነኝ።
ቃል የጠፋው ዞር ይላል፤ ቀስ ብዬ አቀብላለሁ።
ያቺን ስንኝ ለማን እንዳልኳት?
እሱንስ ለማን ሹክ እላለሁ።