የፍልውሃ ልምምድ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፍልውሃ ወረፋ፣
ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ቀኑ ሳይገፋ።
በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከፎጣዬ ጋራ፣
ያመጣሁት ጉድ አለ፣ ለሰው የማይወራ፦
የመጥለቂያ መነጽር፣ ጎማው የሚሸት፣
ከነመተንፈሻው፣ ቧንቧ ያለበት።

ጥር ላይ ፔምባ ልሄድ ነው፣ ደሴት ነው አገሩ፣
ጫጫታ አያውቅም አሉኝ፣ ጸጥ ያለ ነው ዳሩ።
ትኬት የሸጠችልኝ፣ ቸርችል ያለችው ልጅ፣
"ዓሣው በጣቶችህ መሀል ያልፋል እንጂ
አይሸሽም" ብላኛለች።
እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
የሜክሲኮን የክረምት ጎርፍ ካልቆጠርነው በቀር
ውኃ አልተሻገርሁም።

በሩን ቀረቀርሁት። ገንዳው ሞላ። ገባሁ።
ቧንቧውን ነክሼ ፊቴን ውኃው ላይ ደፋሁ።
ከሥር ነጭ ሸክላ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፣
አንድ የፀጉር ክር፣ ከማን እንደሁ ያልታወቀ፤
ትንፋሼ በቧንቧው እያቃሰተ ወጣ፣
አቀበት እንደያዘው አውቶቡስ ሲንጣጣ።
ወዲያው ጉም ሸፈነኝ።

በሩ ተንኳኳ። "አንተ፣ ጤና ነህ?"
ጋሽ ይመኑ ናቸው፣ ገንዳ የሚያጥቡት።
ፎጣ አገልድሜ ከፈትሁ።
መነጽሩን አዩት፣ ግንባሬ ላይ ቆሞ፤
አልሳቁም። "ምራቅ ትፋበት" አሉኝ፣ "አስቀድሞ፤
አለዚያ ይጨልማል።"
"የት ለመዱት?" አልኋቸው።
ወለሉን ደጋግሞ ዞረው መወልወያቸው።
"ዳህላክ" አሉ። "ባሕር ኃይል ሳለሁ።"
ሌላ አልጨመሩም፤ ጫማቸው ሲርቅ ሰማሁ።

ምራቄን ተፍቼ ተመለስሁ ለአፍታ፤
ስንጥቁ ጠርቶ ታየኝ፣ እንደ ጠረፍ ካርታ፤
እስከ ጫፉ ድረስ ገና ሳልከተለው
ከኮሪደሩ ድምፃቸው፦
"ሠላሳ ሦስት!"