የጆጉ ክዳን

ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ፤ በሩን ከፈትኩት፤
እንፋሎቱን በፊቴ፣ ሌሊቱን በጀርባዬ ተቀበልኩት።
ሳህኑ ደርቋል። ብርጭቆው ደርቋል። ሹካው ያበራል፤
የጆጉ ክዳን ግን፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ፣ ውሃ ያቁራል።

«ይሄ ማሽን ያዳላል!» ትላለች ፀዳለ። «ያዳላል!
ባንድ ውሃ አጥቦ፣ አንዱን አድርቆ፣ ሌላውን ችላ ይላል!»

አይፈረድባትም።
ሃያ ሁለት ኅዳር፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በባልዲ አጥባለች፤
ባልዲ አያዳላም፤ ሁሉን እኩል ሲያበርድ አይታለች።

አቶ ምንዳዬ ለገንዘባቸው ሳስተው ስልክ አነሱ፤
«ዋስትናው ሳያልቅ ይታይልኝ!» ብለው ሻጩን ግማሽ ቀን ወቀሱ።

ደስበለው የሚሉት ጠጋኝ መጣ፤ ፈታ፣ ገጠመ፣ ነካካ፤
መፍቻውን ኪሱ መልሶ ሳቀ፦ «ማሽኑስ ጤነኛ ነው ለካ!

ሳህን ከባድ ነው፣ እትዬ፤ የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤
ውሃው ከወረደ በኋላ
በገዛ ግለቱ ይደርቃል እንጂ ያንቺን ጨርቅ አይጠብቅም።
ፕላስቲክ ግን ቀላል ነው፤ በሩ ሳይከፈት ይበርዳል፣ ሙቀቱን ይረሳል፤
ጠብታውም ላዩ ላይ አይሰራጭ፤ ዶቃ ዶቃ እየሆነ ይኮፈሳል።»

ይህን ብሎ ሻዩን ጠጣ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፤
የጣርማበር ጉም ሳይቀድመኝ ብሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ ኮበለለ።

ፀዳለ አልመለሰችም።
ሳህኖቹን ታወጣለች፤ ግን ቶሎ አትደረድርም።
አንዱን ትይዛለች፣ በሁለት መዳፏ፣ ደረቷ ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ጣቶቿ ደም እስኪያገኙ፤ ከዚያ ሌላውን፣ ደግሞ እንደገና።

ሦስት ዓመት አብሬያት ስሠራ ይህን አላየሁም፤
ወይም አይቼ፣ ዕቃ የምትቆጥር መስሎኝ፣ አልጠየቅሁም።

ውጭ፣ የደሴ መንገድ ከባድ መኪኖች በብርዱ ያጓራሉ፤
ሾፌሮቹ ከበር ላይ «ትኩስ ሾርባ!» እያሉ ይጣራሉ።

መጨረሻ ላይ ክዳኑን አነሳች፤ አጋድማ አራገፈችው፤
በሹራቧ እጅጌ (ጨርቁ እዚያው እያለ)
ዙሪያውን፣ ጥርሱን ሳይቀር አበሰችው።
«አንተም እንደኔ ብርድ አትችልም» አለችው።

እኔም እጅጌዬን ስቤ፣ ሁለተኛውን ክዳን አነሳሁ።