የቅዳሜ ፖሮ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣
ከሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል ወደ ፒያሳ።
አባባ ከፊት ነው፣ ኮቱን ቆልፎ እስካንገት፤
እማዬ ከኋላው፣ ሁለት ዘንቢል በክንዷ፣ ብሯ በመቀነት፤
ምንተስኖት ከነእንቅልፉ ቀሚሴን ጨብጦ፣
አንድ ዓይኑን ገልጦ።

ጊዮርጊስን ተሳልመን ገና ሳንታጠፍ
ይሸተናል ቀድሞ አትክልት ተራ፦
የበሰበሰ ጎመን፣ የተረገጠ ሎሚ፣ የአይሱዙ ጭስ፣
«ዞር በል! ዞር በይ!» የሚል የኩሊ ፉከራ።

እማዬ ታውቅበታለች።
ድንቹን ትገለብጣለች፣ የሥር የሥሩን ታያለች፣
«ስንት ነው?» ትላለች፣
ዋጋውን ስትሰማ መርዶ እንደ ነገሯት ትደነግጣለች፤
ሁለት ርምጃ ሄዳ
ሦስተኛው ላይ ሲጠሯት፣ ዞር ትላለች እንደ እንግዳ።

አባባ ዋጋ አያውቅም።
ሃያ አንድ ዓመት፣ ለገሐር፣ በሙሴ ሉሲየን ማድ ቤት
ሾርባ ሲያማስል ኖረ።
ሙሴም ሄዱ፣ ባቡሩም ቆመ፤ ለሱ የተረፈው አንድ ቢላ፣
እና ቲማቲም ከመግዛቱ በፊት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማሽተት።
ሻጮቹ ይስቃሉ፦ «አባት፣ ሽቶ ነው ወይ?»
እሱ አይሰማም። የሚሄደው ወደ ጥጉ ነው፣
እትዬ ባፈና ወደምትቀመጥበት፣ ጆንያ አንጥፋ፣ ከድንኳኑ በታች።
«ባሮህ መጥቶልሃል» ትለዋለች።
«ባሮ አይደለም፣ ፖሮ!» ከንፈሩን አሹሎ፣ «ፖ... ሮ!»
«አዎ፣ ባሮ» ትላለች። በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣
ሁለት ቃሪያ ለምርቃት ጣል አድርጋ፣
ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ታፍናለች።
ሁልጊዜ ይኸው ጸብ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ።

እኛ ቤት ያንን ነገር ከሱ በቀር የሚበላው የለም።
እማዬ «የፈረንጅ ሣር» ትለዋለች፤
ምንተስኖት አንዴ ቀምሶ ለድመቷ ሰጣት፣
ድመቷም አሽትታ ሄደች።

የጥቅምት ማብቂያ ላይ አባባ ታመመ።
ሳሉ በረታበት፤ ቅዳሜ ደረሰ፣ ኮቱ ምስማር ላይ ከረመ።
ሦስት ሆነን ወረድን። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቆስጣ፣
ዘንቢሉ ሞላና፣ «በቃን» አለች እማዬ፣ ዳገቱን ልንወጣ፣
ከጥጉ ድምፅ መጣ፦
«ሰውዬውስ?»

እትዬ ባፈና ቆማለች፣ ጥቅልሉ በእጇ።
«አሞታል» አለች እማዬ። «እሱን ዛሬ አንገዛም፣ ብሩም አልቋል።»
«ማን ልሽጥልሽ አለ?
ይህን ከሆለታ የማስጭነው ለአንድ ሰው ነው።
ስድስት ዓመቴ! ከሱ ሌላ እጁን የሰደደበት የለም፤
የተረፈኝን ማታ የጎረቤት በግ ነው የሚበላው።
ታዲያ ከንፈሩን አሹሎ የሚቆጣኝ ከሌለ
ቅዳሜነቱ ምኑ ላይ ነው?»

እማዬ ዝም አለች።
ስንት ነው ሳትል ስትቀበል
ያን ቀን ብቻ አየሁ።

ማታ፣ ከአልጋው ሆኖ፣ በተዘጋ ድምፅ ያዛታል፦
«ቁመቱን ሰንጥቂው፣ እስከ ሥሩ አትድረሺ፤
ቅጠል ከቅጠል እየለየሽ እጠቢ፣ ውሃውን አፍስሺ፤
አፈሩን ደብቆ ነው የሚያድግ፣
ላዩን አይተሽ አትታለዪ።»

አጠበች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፣
እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሶ።
ከሣፋው ሥር የሆለታ መሬት ተኛ፣ ጥቁር፣ ቅንጣት በቅንጣት።
«ይሄ ሁሉ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።
ከዚያ ከንፈሯን አሹላ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳንሰማት፦
«ፖ... ሮ።»