አሥራ ሰባተኛው ደረጃ

ከቀሃ ዳገቱን፣ ሽቅብ ወደ አራዳ፣
ደረጃ አለ የድንጋይ፣ የሚጥል እንግዳ።
ራሴ ሲቆጥረው፣ ሁሌም አሥራ ስድስት፤
እግሬ ግን አይስትም፣ አንድ ይጨምራል፣ መብራት በጠፋ ሌሊት።
ያችን የመጨረሻዋን፣ ግማሽ ቁመት ያላትን፣
ዓይኔ የዘለላትን፣
እግሬ ያውቃታል፤ ዝቅ ይልላታል፣
እንደ ጎረቤት ሰው አንገቱን ሰበር አርጎ፣ «እንዴት አመሸሽ» ይላታል።

የሠራት ጋሼ ፈንቴ ነው፣ ግንበኛው።
«ለምን አሳጠርሃት?» ብለው፣ መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ፤
«እኔ መች አወቅሁት! ጉልበቴ ነው የጠየቀ።
አሸዋ ተሸክሜ ሳምንት ስመላለስ፣
ትንፋሼ ቁርጥ የሚል፣ እዚች ላይ ስደርስ።
ሜትሩስ ሌላ አለ፤ ሰምቼ ዝም አልኩና፣
ጉልበቴን አማከርሁ፣ ሽማግሌ ነውና።»

በቀደም ደግሞ ባንክ ደጅ፣
ካርዴን ከትቼ፣ ቁጥሩ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ።
አንዱ ከኋላዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ትንፋሹን ተፋ።
ልደቴን ሞከርኩ፤ የአባዬን ሞከርኩ፤
ሁለቴ ተሳሳትኩ።
ሦስተኛው ከከሸፈ ካርዴን ሊውጥ ነው ማሽኑ፤
ዓይኔን ወደ ግንቡ መለስኩ፣ እርግቦች ጫፉ ላይ ሲሰፍኑ።
ያኔ ጣቴ ሄደ፤ ሳያማክረኝ፣ ሳይፈራ፣
ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ፤
ማሽኑም አጓርቶ አጓርቶ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ።
ዲግሪ ያለኝ ሴትዮ፣ በሰልፉ ሰው መሐል፣
«እግዜር ይስጥህ» አልኩት ጣቴን፤ ሌላ ምን ይባላል?

አባዬ፣ አዛናው፣
ማዘጋጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በጽሕፈት መኪና ጽፏል፤
ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃል እየነጠፈበት፣ ስሜም ጠፍቶበታል።
«ይታይሽ ነኝ» እለዋለሁ፤ «ይታይሽ» ይልና፣
እንደ ሰው ሸማ አይቶ፣ አጥፎ ያስቀምጠዋል እንደገና።
ማታ ማታ ግን፣ ራት ሲነሣ፣
ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳሉ፣ እንደ ካፊያ፣
ታ፣ ታታ፣ ታ፤ ከዚያ መዳፉ ከግራ ወደ ቀኝ፣
የሌለ ብረት ይገፋል።
«ቅዠት ነው» አልኩ እኔ። ሐኪሙም «ነርቭ ነው» አለኝ።

እሑድ ለት እትዬ እንቆጳ ሊጠይቁት መጡ፣
ሎሚ በፌስታል አንጠልጥለው፤ ከፊቱ ተቀመጡ።
አንድ ክፍል አብረው ጽፈዋል፣ በአንድ መስኮት ብርሃን።
ጣቶቹን አዩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዝም ብለው አዩ።
ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አብሰው፣
«‹ጉዳዩ፦ የደሞዝ ጭማሪ ስለመጠየቅ› ነው እኮ የሚለው!
አንድ ቀን አላስገባው፤ ጽፎ ጽፎ መሳቢያ ነበር የሚከተው።»
ወዲያው እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው፣
የሪህ አንጓቸውን በጠረጴዛው ማዶ አሰልፈው፣
ታታ፣ ታ፣ ታታታ፣ መልሱን ጻፉለት፦
«ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ከሚያዝያ ጀምሮ።»
አባዬ ጣታቸውን ተከትሎ አየ፤
ትከሻው ሳቀ፣ ከአፉ ቀድሞ።

ሲመሽ ሊሸኛቸው ተነሣ። መብራት ጠፍቶ ነበር።
ክንዱን ይዤ፣ እንዳይወድቅብኝ፣ ጮክ ብዬ ስቆጥር፣
አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣
አሥራ ስድስት ብዬ ቆምኩ፤ እርሱ ግን አልቆመ።
እግሩን ጥቂት አነሣ፤ ልክ የግማሽ ያህል፤ ረገጠ።
ለካ መቁጠር ሲይዘኝ፣ የኔም እግር ሥራውን ትቶ፣
እኔው ተደናቀፍኩ።

ያዘኝ።
«አይዞሽ» አለ። ስሜን አልጠራም።
አያያዙ ግን፣
አውራ ጣቱ አንጓዬ ላይ፣ አራቱ ጣት ከሥር፣
አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጭቃው መንገድ፣
ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እንደነበር።