አርባ ግራም

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ጥግ፣
ሠላሳ ዓመት ሞላኝ ሚዛን ስጠግን፣ ዝገት ስጠርግ።
ዘይት አለኝ፣ ሞረድ፣ መሰርሰሪያ፣ እርሳስ፤
እጄ ያልነካው ሚዛን የለም ከአጂፕ እስከ ጅሬን ድረስ።

ሰው ለሚዛን ጠጋኝ ምስጢሩን ያወራል፣
ለሐኪም እንደሚነግር፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፦
«ትንሽ… ወደ እኔ ታድላ?»
ሳቅ እልና ብረቱን እመልሳለሁ፤ «ሌላ ጋ ሂድ፣ ሌላ።»

አንዴ ግን፣ አንድ ጊዜ፣ «እሺ» ብያለሁ።
ፈትሒያ ልጄ ታማ፣ ወረቀቷን ይዤ ከመድኃኒት ቤት ደጅ ቆሜያለሁ፤
ነስረዲን መጣ ማታ፣ ሁለት ኪሎ ብረት በጋቢው ጠቅልሎ፣
«ከሥሩ ብቻ ነው፤ ማን ያያል?» ብሎ።
ሰረሰርኩ። አርባ ግራም ብናኝ መዳፌ ላይ ቀረ፤
በላዩ ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ጭቃ፣
ያ ጎደሎ ብረት ሙሉ መስሎ አደረ።

ሦስት መቶ ብር። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ዳነች፤
አጋሮ ተድራ፣ ወልዳ፣ ከበደች።
ብረቱ ግን አልዳነ።
ነስረዲን ከሠረ፤ ዕቃው ተበተነ።
ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ እንደ ወሬ፤
ማን ቤት ይሆን? የማንን ስኳር ይመዝን ይሆን ዛሬ?
አንድ ሌሊት በጣቴ ቆጠርኩት፦ በቀን ሃምሳ ጊዜ ቢነሣ፣ ሁለት ኪሎ፤
በየቀኑ የራሱን ክብደት ይሰርቃል ማለት ነው፣ ያውም ሙሉ መስሎ።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ገበያውን ዞርኩ፣
ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ቁጢጥ ብዬ የሰው ብረት ገለበጥኩ።
«ምን ጠፋብህ ሰውዬ?» እያሉ ሳቁብኝ፤
ሚስቴ እንኳ «ጨርቁን ሊጥል ነው» ብላ ተጨነቀችልኝ።

አገኘሁት። ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣
ኮረሪማና ዝንጅብል ከምትሸጥ ልጅ ፊት።
«አክስቴ ናት የተወችልኝ» አለች። ስሟን ብጠይቃት፣ «ዘርፌ።»
ዘርፌ የኖርኩት እኔ፣ ስሙ የእሷ፤ ቃል ደረቀ ካፌ።

ገለበጥኩት። አውራ ጣቴ አወቀው ያን ቀዳዳ።
ልናገር ስል ሸማች መጣች፣ የሩቅ አገር እንግዳ።
ዝንጅብል መዘነች፤ ሁለቱ ሳህን ቆመ ሳይዘምም፤
ብረቴ በሐሰት ማለ። ለካ ብረት አያፍርም።

ከዚያ ግን እጇን ሰደደች፣ ከክምሩ አንድ ጭብጥ፣
«ይኸው ምርቃት» ብላ ጨመረች፣ ሳትሳሳ፣ ሳትመርጥ።
ጭብጡን በዓይኔ መዘንኩት፣ ሙያዬ አይደል፤
አርባ አይሆንም፤ ሰባ ግራም፣ ቢበልጥ እንጂ አይጎድል።
ለሁለተኛው ደገመች፣ ለሦስተኛው፤
ስትመርቅ ዋለች፣ የቆፈርኩትን ስትሞላ፣ ሳታውቀው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ሌሊቱን፣ መሰርሰሪያውን፣ ብሩን።
አልጮኸችም። ብረቱን ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰች ሥሩን።
«እንግዲያ» አለች፣
«መረቅኩ ስል ዕዳ ነበር የምከፍለው?
የማን?»

መልስ አልነበረኝም። ከሰል አያያዝኩ፣ እርሳስ አቀለጥኩ፣
ጠብታ በጠብታ፣ አርባ እስኪሞላ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ።
ሃያ ብር ዘረጋችልኝ። እንቢ ብላት ተቆጣች፦
«ሥራ ሥራ ነው። በነጻ የሠራህልኝን ማን ያምነዋል?» አለች።
ተቀበልኩ።

ማታ ስመለስ በዚያው አለፍኩ።
ብረቱን ስታነሣ «ከበደኝ» ብላ ሳቀች፤
ዝንጅብሉን መዘነች፤
እጇ ያው ወደ ክምሩ ሄደ፤ ጭብጡ ቅንጣት አልቀነሰ።
ዓይኔን አይታ፣ «አሁን ነው ምርቃት» አለች፣
አንድ ፍሬ ኮረሪማም ወደ እኔ ወረወረች።

ሳልመዝነው ኪሴ ከተትኩት።